ሜዳልያውን ተዉትና ሰንጠረዡን እዩት፦ «ሽልማት ለአሸናፊ ብቻ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ወላጆችና አሰልጣኞች ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ የክረምት የልጆች ውድድሮች ላይ ለተሳተፈ ሁሉ ሜዳልያና ሰርተፍኬት ማደል እየተለመደ ነው፤ ይህ ከአሜሪካ የመጣ አዲስ ልማድ ልጆቻችንን ልፍስፍስ አድርጓል፤ የጎጃም የቅኔ ተማሪም ሆነ የገና ተጫዋች የጠነከረው ማንም ሳይሸልመው ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት ያሽቆለቆለውም በዚሁ «ሁሉም ጎበዝ ነው» በሚል አስተሳሰብ ነው። ጸሐፊው መፍትሔ ብለው ያቀረቡትም ውድድሩ ሁሉ ጥሎ ማለፍ ይሁን፣ ከዋንጫው በቀር ምንም አይሰጥ፣ የተሸነፈ ባዶ እጁን ይግባ የሚል ነው።

ይህን ምላሽ የምንጽፈው በዚሁ አካባቢ የፕሮጀክት (የታዳጊ ስፖርት ሥልጠና) ልጆችን የምናሰለጥንና ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ የምናስተምር ነን። ጸሐፊው የተቆጩት ለልጆቹ አስበው መሆኑን አንጠራጠርም። በጅምላ ተገዝቶ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ፕላስቲክ ልጅን ያጠነክራል ብለንም አንሟገትም፤ አያጠነክርም። የማንስማማው ጸሐፊው ጣታቸውን ሜዳልያው ላይ ቀስረው፣ ልጁን በእርግጥ የሚጎዳውን የውድድር ዓይነት መድኃኒት ብለው ስላቀረቡ ነው።

ቀላሉን እናስቀድም፦ «አዲስና የውጭ» ስለተባለው። አሜሪካ የሚለው ያስኬዳል፤ አዲስ የሚለው ግን አያስኬድም። በኦሃዮ ግዛት ለትምህርት ቤቶች የቅርጫት ኳስ ውድድር ተሳታፊዎች ዋንጫ ስለመሰጠቱ ጋዜጣ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። የዛሬን ልጅ «ሽልማት ያበላሸው ትውልድ» እያሉ የሚወቅሱ አያቶች ያኔ ገና አልተወለዱም። ወደ አገራችን ስንመጣም ኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትሩን ለጨረሰ ሁሉ ሜዳልያ ይሰጣል። ያቋቋመው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው፤ የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈውም እሱው ነው። ኃይሌ ለማሸነፍ ግድ የለውም የሚል ካለ እንስማው።

ያ ሜዳልያ ማንንም ያላሰነፈው እውነት ስለሚናገር ነው። «10 ኪሎ ሜትር ሮጠህ ጨርሰሃል» ይላል፤ ጨርሷልና ልክ ነው። ችግር የሚመጣው ሜዳልያው ሲዋሽ ነው። መጨረሻ ለወጣ ቡድን «ሻምፒዮን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሜዳልያ ሲታደል አይተናል፤ ገበያ ላይ የተገኘው እሱ ስለነበር ነው የተገዛው። ልጆች ከ7 እና ከ8 ዓመት በኋላ ራሳቸውን ከእኩዮቻቸው ጋር ማስተያየት ይጀምራሉ። የ10 ዓመት ልጅ 5 ለ0 መሸነፉን አሳምሮ ያውቃል፤ «ሻምፒዮን» ሲባል የሚማረው ትልቅ ሰው እንደሚዋሽ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የውሸት ሜዳልያ ይቅር ቢሉ ኖሮ ከጎናቸው በቆምን ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ «ሽልማት ያሰንፋል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከፊል እውነት አላቸው፤ እውነቱ ግን የራሳቸውን ዋንጫም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎቹ ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት መሳል የሚወዱ 51 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን «ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሁለተኛው ሳይነገረው ስሎ ሲጨርስ ያንኑ ሽልማት ድንገት አገኘ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። በኋላ ልጆቹ እንደፈቀዱ በሚጫወቱበት ሰዓት ስንት ጊዜ ወደ ስዕሉ እንደሚመለሱ ተመዘገበ። ሽልማት ያላገኙት 16.7 በመቶ፣ ድንገት የተሸለሙት 18.1 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ ሲስሉ አሳለፉ። አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ግን 8.6 በመቶ ብቻ። ልብ በሉ፤ ሽልማቱ አንድ ዓይነት ነው። ፍላጎቱን የገደለው «ይህን ካደረግሁ ይህን አገኛለሁ» የሚለው ውል ነው። ውድድሩ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያብረቀርቅ አንድ ትልቅ ዋንጫም ያው ውል ነው። ለ80 ልጅ የተገዛ ሜዳልያ ያሰንፋል ከተባለ፣ ለ10 ልጅ የተገዛ ዋንጫ የማያሰንፍበትን ምክንያት ጸሐፊው ሊነግሩን ይገባል።

ከሽልማቱ ይልቅ አብሮት የሚነገረው ቃል ይከብዳል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት የ5ኛ ክፍል ልጆች ቀላል ፈተና ሠርተው አንዳንዶቹ «ብልህ ነህ»፣ ሌሎቹ «በርትተህ ሠርተሃል» ተባሉ። ቀጥሎ ሁሉም የሚወድቁበት ከባድ ፈተና መጣ። ከዚያ በኋላ እንደ መጀመሪያው ቀላል የሆነ ፈተና ሲሰጣቸው «ብልህ» የተባሉት ከቀድሞው ውጤታቸው ዝቅ አሉ፤ «በርትተሃል» የተባሉት ከፍ አሉ። ኤዲ ብሩመልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩትም የተጋነነ ሙገሳ በራሳቸው የማይተማመኑትን ልጆች ከከባድ ሥራ ያሸሻል፤ «እጅግ ድንቅ» የተባለ ልጅ ያንን ስም እንዳያጣ ቀላሉን ይመርጣል። እንግዲህ ጽናትን የሚያጠፋው ሙገሳው ለማን ደረሰ የሚለው ሳይሆን ምንን አሞገሰ የሚለው ነው። ለአሸናፊው ብቻ የሚባል «አንተ ተፈጥሮህ ነው» ከሁሉም የከፋ ሙገሳ ነው፤ እሱ ሲሸነፍ የሚይዘው የለውም።

ሜዳ ላይ ይህ ምን ይመስላል? ጨዋታው እንዳለቀ ልጆቹን ክብ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ውሃ ማጠጣት፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ የታየ ነገርና አንድ የሚቀጥለውን ነገር መንገር። «ጎበዝ» ብሎ ማለፍ አይደለም። «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳሷ ሳትደርስህ ቀና ብለህ አይተሃል፤ አሁን ደግሞ ባልለመድከው እግር ለማቆም ሞክር» ማለት ነው። ለ10 ልጅ 4 ደቂቃ ይበቃል። የሚበላሸው አሰልጣኙ መጀመሪያ ዳኛውን ሲሳደብ ነው፤ ልጆቹ የሽንፈቱን ባለቤት አገኙ ማለት ነውና የቀረውን አይሰሙም። ይህ የአሰልጣኝ አነጋገር ቀላል ነገር እንዳይመስል፦ በአሜሪካዋ ሲያትል ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል ከባልደረባቸው ጋር የልጆች ቤዝቦል አሰልጣኞችን አነጋገር የሚያርም አጭር ሥልጠና ሰጥተው በቀጣዩ ዓመት ሲያዩ፣ ከሠለጠኑት አሰልጣኞች ዘንድ ስፖርቱን የተወው ልጅ 5 በመቶ፣ ካልሠለጠኑት ዘንድ 26 በመቶ ነበር። ቡድኖቹ በማሸነፍና በመሸነፍ አልተበላለጡም። ትቶ የሄደን ልጅ ጽናት የሚያስተምረው የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ጥሎ ማለፍ ወደሚለው።

8 ቡድን፣ በቡድን 10 ልጅ፣ በድምሩ የ10 እና የ11 ዓመት 80 ልጆች ያሉበትን የእግር ኳስ ውድድር እንውሰድ። በጥሎ ማለፍ 7 ጨዋታ ብቻ ይደረጋል። 4 ቡድን፣ ማለትም 40 ልጅ፣ አንድ ጊዜ ተጫውቶ ይሰናበታል። 7 ለ7 ቢጫወቱ፣ አንዱ አጋማሽ 12 ደቂቃ ቢሆንና አሰልጣኙ በእኩል ቢቀያይር እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 17 ደቂቃ አይሞላም። አሰልጣኙ ለማለፍ ብሎ ደካሞቹን ተጠባባቂ ካደረገ ደግሞ (በጥሎ ማለፍ ይህን የማያደርግ ጥቂት ነው) ሜዳ ሳይረግጥ ክረምቱ የሚያልፍበት ልጅ ይኖራል። ጸሐፊው «ወድቀው መነሳትን ይማሩ» ይላሉ። 40ዎቹ መውደቁን አይተውታል፤ የሚነሱበት ጨዋታ የታለ? እጅግ ብዙ ጨዋታ የሚያገኙት ሁለቱ ለፍጻሜ የደረሱ ቡድኖች ናቸው፤ እነሱም 3 ጨዋታ። ልምምድ የሚያስፈልገው ተሸናፊው ሆኖ ሳለ ልምምዱ ለአሸናፊው ይሰጣል።

የጨዋታ ሰንጠረዡ እንዲህ ቢሆንስ? 8ቱን ቡድን በሁለት ምድብ መክፈል፤ በእያንዳንዱ ምድብ 4 ቡድን ሁሉም ከሁሉም ይጫወታል። ይህ 12 ጨዋታ ነው። ቀጥሎ የምድብ አንደኞች እርስ በርስ፣ ሁለተኞች እርስ በርስ፣ ሦስተኞችም አራተኞችም እንዲሁ፤ 4 ጨዋታ ይጨመራል። እያንዳንዱ ቡድን 4 ጊዜ ይጫወታል፤ ለአንድ ልጅ 67 ደቂቃ ያህል ይደርሰዋል። በተለይ የመጨረሻው ዙር ጥቅም አለው፦ በምድቡ ሦስቴ የተሸነፈ ቡድን አራተኛውን ጨዋታ ከአቻው ጋር ስለሚያደርግ ፉክክር ያያል። ዋንጫ ከተፈለገም አንደኞቹ ይፎካከሩበታል።

«ጊዜው አይበቃም» የሚለውን ሰበብ እናውቀዋለን። አንድ ትልቅ ሜዳ በወርዱ ሁለት ትንንሽ ሜዳ ይወጣዋል፤ አንዱ 55 በ35 ሜትር ያህል ቢሆን በቂ ነው። ጨዋታው 24 ደቂቃ፣ እረፍቱ 3፣ መግቢያ መውጫው 8፤ በድምሩ 35 ደቂቃ። የምድቡ 12 ጨዋታ በሁለት ሜዳ 6 ዙር ስለሚሆን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፤ የእኛ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ከሰዓት በኋላ ነውና ጠዋቱን መጠቀም ነው። የመጨረሻዎቹ 4 ጨዋታዎች በማግሥቱ አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጃሉ። አንድ ነገር ግን አይረሳ፦ አንደኛውን ሜዳ ለምድብ ሀ፣ ሁለተኛውን ለምድብ ለ አትስጡ። 4 ቡድን በአንድ ሜዳ ሲፈራረቅ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ አንድ ቡድን ሳያርፍ ይገባል፤ በጭቃ ደግሞ ይህ ጉዳት ያመጣል። የመጀመሪያውን ዙር ሁለቱንም ሜዳ ለምድብ ሀ፣ ቀጣዩን ሁለቱንም ለምድብ ለ ስጡ፤ ሁሉም አንድ አንድ ዙር ያርፋል፣ ያረፉት ኳስ ያቀብላሉ።

ጽናት ያጣ የሚመስል ልጅ ብዙውን ጊዜ በልኩ ያልተሠራ ጨዋታ የገባ ልጅ ነው። የ10 ዓመት ልጆችን በ100 ሜትር ሜዳ 11 ለ11 አሰልፎ፣ 7.32 ሜትር በሚሰፋና 2.44 ሜትር ከፍታ ባለው ግብ ውስጥ አጭር በረኛ አቁሞ 9 ለ0 ሲያልቅ «ልጆቹ ተስፋ ቆረጡ» ማለት አይቻልም። ግቡ በሁለት ቀርከሃ 5 በ2 ሜትር ይሁን፤ ቀርከሃ ከእንጅባራ በኩል አይጠፋም። ኳሱ ከ8 ዓመት በታች 3 ቁጥር፣ ከዚያ እስከ 12 ዓመት 4 ቁጥር ይሁን፤ 5 ቁጥር ረጥቦ ሲከብድ ትንሹ ልጅ በግንባሩ መምታት ይፈራል፣ አሰልጣኙም «ፈሪ» ይለዋል። የግቡ ልዩነት 4 ሲደርስ የተመራው ቡድን አንድ ተጨማሪ ልጅ ያስገባ፤ ልዩነቱ ሲጠብ ይውጣ። ይህ ሕግ ማንንም ከመሸነፍ አያድንም፤ ጨዋታውን ብቻ በሕይወት ያቆየዋል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ፤ ጸሐፊው «አሸናፊ» ሲሉ ማንን እንደሆነ አልጠየቁም። በዚህ ዕድሜ የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የተወለደው ነው። ሮጀር ባርንስሌይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 የካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችን የልደት ወር ሲያዩ ከጥር እስከ መጋቢት (በፈረንጆቹ) የተወለዱት ከድርሻቸው በላይ በዝተው ተገኙ። ምክንያቱ የዕድሜው መቁረጫ ጃንዋሪ 1 ስለነበር ነው፤ በልጅነት የ11 ወር ብልጫ ያላቸው «ተሰጥኦ አላቸው» ተብለው ተመረጡ፣ የተሻለ ሥልጠና አገኙ። እዚያ የልደት ሰርተፍኬት ኖሮ ነው። በእኛ ገጠር 4ኛ ክፍል ውስጥ የ9 ዓመትም የ13 ዓመትም ልጅ ይቀመጣል፤ ውድድሩ ደግሞ በክፍል ደረጃ ይከፈላል። ከዚያ የ13 ዓመቱ ዋንጫ ሲያነሳ የ9 ዓመቱ ባዶ እጁን ይግባና ይጠንክር ይባላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ልጆቹን በቁመት አሰልፉ፤ ከ1 እስከ 8 ያሉትን ለ8ቱ ቡድን አንድ አንድ ስጡ፤ ቀጣዮቹን 8 ከ8ኛው ቡድን ጀምራችሁ ወደ ኋላ አድሉ፤ እንዲያ እየተመላለሱ እስከ 80። ከጨረሳችሁ በኋላ በደንብ የሚጫወቱት በአንድ ቡድን ተከማችተው ከሆነ ሁለት ሦስቱን ተመሳሳይ ቁመት ካላቸው ጋር አቀያይሩ። አሰልጣኞች ራሳቸው ከመረጡ ግን ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሁሉን የሸለመ አገር ይሰንፋል ለሚለው አንድ ምሳሌ ይበቃል። በኖርዌይ የልጆች ስፖርት ደንብ 11 ዓመት ሳይሞላ የውጤት ደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣም፤ ሽልማት ካለ ለሁሉም ይሰጣል፤ የአገር ሻምፒዮና የሚጀምረው ከ13 ዓመት ነው። ይህ 5 ሚሊዮን ተኩል የማይሞላ ሕዝብ የነበረው አገር እ.ኤ.አ. በ2022ቱ የቤይጂንግ ክረምት ኦሊምፒክ 16 ወርቅ ወስዶ ዓለምን መርቷል። ሜዳልያ ማደሉ ወርቁን አመጣው አንልም። እንዳላገደው ግን ይታያል።

ስለ ቅኔ ቤት የተጻፈው ደግሞ ከሁሉ አስገርሞናል፤ እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ያሉ የቅኔ ቤቶችን ያፈራ አገር ሰው እንዴት የቅኔ ቤትን የጥሎ ማለፍ ምስክር ያደርጋል? የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይጠየቅም። ባለ 2 ቤቱን (ባለ 2 ስንኙን) ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ከዚያ ባለ 3 ቤቱን ዘአምላኪየ፣ ባለ 5ቱን ዋዜማ፣ ባለ 6ቱን ሥላሴ እያለ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ብቻውን ጥግ ይዞ ያወጣውን ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ ቤቱ አልመታም ይባላል፤ ምስጢሩ ካልሰመረ የጎደለው ቦታ ላይ ይታረምለታል፤ የሰመረ ዕለት ደግሞ «ይበል!» ይባልለታል። በማግሥቱ ሌላ ቅኔ። በየቀኑ ይሳሳታል፣ በየቀኑ ይታረማል፣ «ዛሬ ቅኔህ ስለተበላሸ ወደ አገርህ ግባ» የሚለው የለም። እኛ በሰንጠረዡ የምንለምነው ይህንኑ ነው። የገና ጨዋታም ቢሆን የተሸነፈው ወገን እየተሰደበ፣ እየተገጠመበት በማግሥቱ ተመልሶ ይሰለፋል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» የተባለው ለዚያ ነው። ዋንጫ አልነበረውም፤ ማንንም አሰናብቶም አያውቅም።

የ12ኛ ክፍሉ ነጥብ ብዙ አያቆየንም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው እውነት ነው፤ ያማልም። ነገር ግን ከክፍል ወደ ክፍል ማለፍ «ይህን ትምህርት ችሏል» የሚል ምስክርነት ነው፤ ማንበብ ሳይችል ያለፈ ልጅ የውሸት ምስክር ተሰጥቶታል። ኳስ ተጫውቶ የወሰደው ሰርተፍኬት ተጫውቷል ነው የሚለው። ሁለቱን አንድ ማድረግ የመጽሐፍ፣ የመምህርና የተዘጋ ትምህርት ቤት ጥያቄን በፕላስቲክ ሜዳልያ ማሳበብ ይሆናል።

«መከራ ይቅመሱ» ለሚለውም እንዲሁ አጭር መልስ አለን። አንድ ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ትምህርት ቤት የሚደርስ፣ ከዚያ መልስ ከብት የሚያግድ፣ በቅርብ ዓመታት ትምህርቱ ለወራት የተቋረጠበት ልጅ የጎደለው መከራ አይደለም። ተመራማሪዋ ኤሚ ወርነር በሃዋይ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጉልምስና ስትከታተል፣ ብዙ ችግር ተደራርቦባቸው ካደጉት አንድ ሦስተኛው ያህል ጠንካራ ሰው ሆነው ወጡ። ከሌሎቹ ከለዩአቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ አንድ የማይተዋቸው ትልቅ ሰው መኖሩ ነው። ለብዙው ልጅ ያ ሰው አሰልጣኙ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጨዋታ አጫውቶ ካሰናበተው ግን አይሆንም።

እንግዲህ ምን ይሰጥ ለሚለው። ከ8 ዓመት በታች ምንም ባይሰጥ ማንም አይከፋውም፤ ብርቱካንና ውሃ ይበቃል። ከ8 እስከ 11 ላሉት የሜዳልያውን ገንዘብ ወደ ኳስ ለውጡት፤ ለየቡድኑ አንድ 4 ቁጥር ኳስ፣ ለአሸናፊውም ለመጨረሻውም እኩል፣ ክረምቱ ካለቀ በኋላም የሚጫወቱበት። አስቀድሞ አይነገር፤ የሌፐር ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሰርተፍኬት ካማራችሁ ከስሙ ሥር አንድ መስመር ባዶ ይተውና አሰልጣኙ በእጁ ይጻፍበት፦ «ከበረኛ ጋር መነጋገር ጀምሯል»፣ «ተቀይሮ ሲወጣ ማኩረፍ ትቷል»። 10 ልጅ ያለው አሰልጣኝ ለአንዱ 3 ደቂቃ ቢወስድ ግማሽ ሰዓት ነው። የሚበላሸው ለሁሉም አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲገለበጥ ነው፤ ልጆቹ ወዲያው ያስተያዩታል። ስም ሲሳሳትም እንደዚያው።

ከ12 ዓመት ጀምሮ ዋንጫ ይኑር፣ አንደኛ ሁለተኛ ይባል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም። የኮከብ ግብ አግቢ ሽልማት ግን ቢያንስ እስከ 14 ዓመት ይቆይ፤ ሽልማቱ በተነገረ ማግሥት ማቀበል ይቀራል፣ ሁለት ልጆች በአንድ ቡድን ውስጥ ይጣላሉ። የክብር እንግዳው ንግግርም ከ5 ደቂቃ አይለፍ፤ 80 ልጅ ላቡ ደርቆበት፣ እግሩ ጭቃ ሆኖ ቆሟል።